ስግድ በኢየሩሳሌም

ከሜድትራኒያን ባሕር ዳርቻ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣው አውራ ጎዳና መጀመሪያ ሜዳ ለሜዳ ይሄድና ኋላ ጥድ በለበሱ ኮረብታዎች መካከል ይገባል። ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ጦርነት የተመቱ ብረት ለበስ መኪኖች ቀለም ተቀብተው መንገድ ዳር ቆመዋል። ሊማሊሞን የሚያውቅ ሰው ይህን ዳገት ብሎ አይጠራውም። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ግን መኪናው ሽቅብ መሳብ ሲጀምር ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ከማታ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሱም። ከኋላችን የልጅ ልጆቻቸው በዕብራይስጥ እየተንጫጩ ቺፕስ ይቃማሉ። አውቶቡሱ ከአፍ እስከ ገደፉ ጥበብ ቀሚስና ነጭ ነጠላ ነው፤ መስኮቱን ዘግቶ ለሚያዳምጥ የጎንደር አውቶቡስ ተራ ይመስላል፤ ሹፌሩ ብቻ ሩሲያኛ ያወራል።

ዕለቱ ስግድ ነው፤ ምህላም ይሉታል። ቤተ እስራኤላውያን አስተስርዮ ከሚሉት ታላቅ የስርየት ጾም በኋላ ሃምሳኛው ቀን ላይ ያከብሩታል። በጎንደር ዙሪያ ሳሉ፣ በተለይ በአምቦበር፣ ሕዝቡ በዋዜማው ወንዝ ወርዶ ገላውንም ልብሱንም ያጥብ ነበር። ሲነጋ ነጭ ለብሶ፣ ኦሪቱን የያዙትን ቄሶች ተከትሎ ተራራ ይወጣል። ከሕዝቡ ብዙው ለትሕትና ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ጫፉ ላይ የሲና ቃል ኪዳን ከኦሪት ይነበባል፤ ከመጽሐፈ ነህምያም ከባቢሎን ምርኮ የተመለሱት ሰዎች ኃጢአታቸውን ተናዝዘው ኪዳናቸውን ያደሱበት ክፍል። ንባቡ በግዕዝ ነው፤ ሕዝቡ እንዲሰማው ይተረጎማል። ይሰገዳል፣ የሞቱት ይታሰባሉ፣ ወደ ኢየሩሳሌም መልሰን ተብሎ ይለመናል። ከቀትር በኋላ በዝማሬ ተወርዶ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል።

የእስራኤል ምክር ቤት ክነሴት በ2000 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ስግድ የመንግሥት እውቅና ያለው በዓል ሆኗል። እዚህ ድረስ ያመጣኝ አንድ ጥያቄ ነው። የበዓሉ ሁሉ ልብ ወደ ኢየሩሳሌም መመለስ ከሆነ፣ ሰው ኢየሩሳሌም ገብቶ ምን ብሎ ይለምናል? እንደኔ ግምት፣ ልመናው የተሰማለት ሕዝብ ከእንግዲህ የሚያከብረው ምስጋና ብቻ መሆን ነበረበት። ተራራው ላይ ያገኘሁት ሌላ ነው።

በዓሉ የሚከበርበት አርሞን ሃናጺቭ ከአሮጌው ከተማ በስተደቡብ ያለ ኮረብታ ነው። በነጭ ድንጋይ የተነጠፈ ሰፊ መናፈሻ አለው። እዚያ የቆመ ሰው የከተማዋን ግንብ፣ የወርቁን ጉልላት፣ በቀኝ በኩል ደብረ ዘይትን አንድ ላይ ያያል። ሸለቆው ብቻ ነው በመካከል ያለው። ቄሶቹ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ በወርቅ ዘርፍ በተዘመዘሙ ባለ ቀለም ጥላዎች ሥር ወደ መድረኩ ሲወጡ፣ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ፊታቸው ወደ ሰሜን ነው። አምቦበር ላይም ሲሰግዱ ፊታቸው ወደ ሰሜን ነበር። ያ ሁሉ አገር፣ በረሃና ባሕር ከኋላ ቀርቶ አቅጣጫው እንኳ አልተቀየረም።

ንባቡ ሲጀመር ጆሮዬ ከኔ ቀድሞ ወደ ቤቱ ሄደ። ግዕዙ ያደግሁበት ግዕዝ ነው። ስብሐት፣ ምሕረት፣ ሃሌ ሉያ። ዜማው ግን የኛ ቅዳሴ አይደለም፤ ዝቅ ያለ፣ የሚመላለስ፣ አንዱ ቄስ ሲጥለው ሌላው የሚያነሣው ነው። ቅርብ ስለሆነ ነው መሰለኝ ልዩነቱ ይበልጥ የሚሰማው።

ከጎኔ የነበሩት እናት ከወገራ ናቸው። የጎንደር ልጅ መሆኔን ሲሰሙ ጉንጬን ይዘው ደጋግመው ሳሙኝ፤ «አፈር ስሆን! ከማን ወገን ነሽ?» ብለው የአባቴን አያት ሀገር ሳይቀር አስቆጠሩኝ። ከዚያ እጄን ሳይለቁ «ያኔ ቢሆን ልጄ፣ አንቺን ነክቼ እቤቴ አልገባም። ወንዝ ወርጄ፣ ተነክሬ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ነው የምገባው» አሉ። እውነት ነው፤ ከሌላ እምነት ሰው ጋር አለመነካካት የቤተ እስራኤል ጥብቅ ሕግ ነበር፤ ለዚህ ነው መንደራቸው ብዙ ጊዜ ወንዝ የማይርቀው። በኛ በኩል ያለው የአለመነካካት ታሪክ ግን ከንጽሕና ሕግ አልመጣም፤ ከፍርሃትና ከንቀት ነው የመጣው።

ጎንደር ያደገ ሰው ወለቃን ያውቃል። ከከተማው በስተሰሜን ጥቂት እንደሄዱ በመንገዱ ግራና ቀኝ የጥቁር ሸክላ ምስል የሚሸጥባቸው ጎጆዎች አሉ፤ አንበሳው፣ የዳዊት ኮከቡ፣ አንድ አልጋ ላይ የተኙት ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ሸክላውን የጀመሩት ሰዎች ሄደዋል፤ ገበያው ቀርቷል። ምጣዱን፣ ጀበናውን፣ ማረሻውን፣ ማጭዱን ለአገሩ ሁሉ ይሠሩ የነበሩት እነሱ ናቸው። በጎንደር ቤተ መንግሥታት ግንባታም ግንበኛና አናጢ ሆነው እንደ ሠሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከዐፄ ይስሐቅ ጀምሮ ርስት የተነፈገ ሕዝብ በእጁ ሙያ ከመኖር ሌላ ምን ምርጫ ነበረው? እኛ ደግሞ በምጣዱ እየጋገርን፣ በማረሻው እያረስን፣ ሠሪውን ቡዳ አልነው። ልጅ ሲታመም በነሱ ተሳበበ። ይህ የሩቅ ዘመን ተረት አይደለም፤ አያቶቻችን በሙሉ እምነት ያወሩት ነው። የወገራዋ እናት ግን ስለ ቡዳ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የጠየቁኝ የእንጨት ተራ ገበያ አሁንም ቅዳሜ ይቆም እንደሆነ፣ አንገረብ ወንዝ ዘንድሮ ሞልቶ እንደሆነ ነው። ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አድርገው ቆመው የሚናፍቁት አንገረብን ነው።

ንባቡ ሳያልቅ መርሐ ግብር መሪው ወደ ቄሶቹ ጠጋ ብሎ ሰዓቱን አሳየ። ሹማምንቱ ደርሰዋል። ከዚያ ንግግር ተከተለ፤ ስለ አንድነት፣ ስለ መንግሥቱ ኩራት፣ ስለ ኢትዮጵያ አይሁድ ጽናት። ይህ ክብር በነፃ የተገኘ አይደለም። በ1978 ዓ.ም. መባቻ፣ የሀገሪቱ ዋና ረቢዎች ከኢትዮጵያ የመጡት አይሁዳውያን ለጋብቻ በውሃ የመነከር ሥርዓት ይፈጽሙ በማለታቸው፣ ሕዝቡ ከጽሕፈት ቤታቸው ደጅ ሰፍሮ ወር ያህል ተቃውሞ አሰምቷል። ኦሪትን በክርስቲያን ነገሥታት መካከል ለዘመናት ጠብቆ የኖረን ሰው «አይሁድነትህ ያጠራጥራል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ያን ጊዜ እዚያ ተቀምጠው ያደሩ አንድ ሽማግሌ ነገሩኝ። በአገር ቤት ቄሱ ዳኛም፣ አጋቢም፣ ፈቺም፣ ሟች ቀባሪም ነበር። እዚህ ሥልጣኑ በረቢ እጅ ነው። ስለዚህ ለቄሶቹ ስግድ ዓመቱን ሙሉ ከዳር ቆመው ከርመው መሐል የሚቆሙበት ዕለት ነው። የቀረውን ዓመት የሚያስቡት ደግሞ ግዕዙን ማን ይረከበናል እያሉ ነው።

ንግግሩ ሲጀመር ወጣቶቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ጸጉሩን የተጎነጎነ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ ቡና ገዝቶ አጥር ላይ ተደግፎ ቆመ። አማርኛው የእናቱ አማርኛ ነው፤ የቤት ቃላት ያውቃል፣ የመድረክ ቃላት ይጠፉበታል። በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ ፖሊሶች አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር ሲደበድቡ የሚያሳይ ምስል ወጥቶ ቴል አቪቭ በተናወጠች ጊዜ እሱም መንገድ ከዘጉት አንዱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ የ18 ዓመት ልጅ ከሥራ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሲሞት እንደገና ወጣ። «እኔ አልጾምም፣ ግዕዝም አይገባኝም» አለኝ፤ «የምመጣው እናቴ ዛሬ ቀጥ ብላ ስለምትሄድ ነው። በሌላው ቀን ባንክ ቤት ስትገባ፣ ክሊኒክ ስትገባ፣ ትንሽ ጎንበስ ትላለች። እዚህ ግን እያት።» አየኋት። ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ትለምናለች። ከዚህ የተሻለ የበዓል ትርጉም ከሹማምንቱ አልሰማሁም።

አንዲት ወታደር ልጅ በደንብ ልብሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ ከአያቷ ጋር ፎቶ ትነሣለች። ለሷ ስግድ በትምህርት ቤት የተማረችው በዓል ነው፤ አያቷ ያደረጉትን የተረዳችው ከመጽሐፍ ካነበበች በኋላ ነው። ከየከተማው የመጡ ሌሎች ተማሪዎችም አሉ፤ ወላጆቻቸው ከሞሮኮ፣ ከፖላንድ፣ ከየመን የመጡ። መምህራቸው ስታስረዳ ሰማሁ፤ የነህምያን ቃል ኪዳን ማደስ መላው የአይሁድ ሕዝብ በዓል ማድረግ የነበረበት፣ ሌላው ረስቶት ኢትዮጵያውያን ያቆዩት ነገር ነው ትላለች። ይህን ሐሳብ የሚወዱ ቤተ እስራኤላውያን አሉ። የሚፈሩትም አሉ፤ ሁሉ ሲያከብረው የኛ መሆኑ ይቀራል ብለው። ሁለቱንም ሰማሁ፤ ለኔ የመጀመሪያው ይበልጣል። ለዘመናት የተገፋ ሕዝብ ለገፊው የሚያስተምረው ነገር ሲኖረው ማየት ደስ ያሰኛል።

ከመናፈሻው ሥር ወደ ምሥራቅ የጀበል ሙካበር ቤቶች አሉ፤ ነዋሪዎቹ ፍልስጤማውያን ናቸው። እነሱ በዚያች ከተማ ተወልደው፣ በዚያች ከተማ የሚከራከሩና የሚሟገቱ፣ አንዳንዴም የሚያለቅሱ ሰዎች ናቸው። ከላይ «ኢየሩሳሌም» የሚለው ቃል በግዕዝ ሲነሣ፣ ከታች አንድ ሰው የመስጊዱን አዛን ተከትሎ ምንጣፉን ያነጥፋል። ቄሶቹ ከአምቦበር ሆነው ያዩአት የነበረችው ኢየሩሳሌም ሰው አልነበረባትም፤ ተስፋ ብቻ ነበረባት። የምትታየው ከተማ ግን ብዙ ሰው፣ ብዙ ቂም፣ ብዙ ቁስል አላት። ይህን ሳይናገሩ ስለ ስግድ መጻፍ የሚቻል አይመስለኝም።

ከቀትር በኋላ ጾሙ ተፈታ። ቄሶቹ ዳቦውን ባረኩት፤ ሣሩ ላይ ነጠላ ተነጠፈ፤ ከየፌስታሉ ዶሮ ወጥ፣ ቀይ ወጥ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የመጣ ጠላ ወጣ። እንጀራው በጤፍና በሌላ ዱቄት ድብልቅ የተጋገረ ነው፤ ዓይኑ ጥሩ ነው፣ ኮምጣጣነቱ ይቀረዋል። ጎርሼ ሳልጨርስ ሌላ እጅ ሌላ ጉርሻ ይዞ ይጠብቀኛል።

እዚያ ነው ከስሜን የመጡ አንድ አባት ስለ ሱዳን መንገድ ያጫወቱኝ። ማታ ማታ እየተጓዙ፣ ቀን ቀን ጫካ እየተደበቁ፣ ወንዝ ተሻግረው ኡም ራኩባ የሚባለው የስደተኞች ሰፈር ደረሱ። እዚያ ተስቦና ረኀብ ጠበቃቸው። ሁለት ልጆቻቸውንና እናታቸውን በአንድ ወር ቀበሩ። በዚያ መንገድና በሰፈሮቹ ያለቀው ቤተ እስራኤል 4,000 ገደማ እንደሆነ ይነገራል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. «የሙሴ ዘመቻ» በተባለው ሥውር የአየር ጉዞ ከሱዳን የወጡት ሰባት ስምንት ሺህ ይሆናሉ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው በወጡ በቀናት ውስጥ፣ «የሰሎሞን ዘመቻ» ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ አጓጓዘ። እኚህ አባት ግን ከአውሮፕላኑ ይልቅ የሚያነሡት ሌላ ጉዞ ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ በ1854 ዓ.ም. ገደማ፣ አባ ማኅሪ የሚባሉ መነኩሴ ባሕረ ኤርትራ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ሕዝቡን አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ተነሥተው ነበር። ትግራይ ሲደርሱ በሽታና ረኀብ ፈጃቸው፤ የተረፈውም ተመለሰ። «እኛ እነሱ ካቆሙበት ነው የጀመርነው» አሉ። ለሱዳን ሙታን በሄርዝል ተራራ ላይ የመታሰቢያ ቀን አላቸው፤ በመንግሥት የሚከበር። ለኚህ አባት ግን የልጆቻቸው ቀን ስግድ ነው። ያኔ አምቦበር ላይ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ነበር የሚወጡት።

በማግሥቱ በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ጎዳና ወደሚባለው መንገድ ሄድኩ። በረጅም የድንጋይ አጥር ውስጥ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ የተፈጸመ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ጥቂት መነኮሳይያት መቋሚያቸውን ተደግፈው በግዕዝ ያነበንባሉ። ከትናንቱ ኮረብታ እዚህ ድረስ በእግር ቢኬድ ከሰዓት ብዙም አያልፍም። የአያቴ እኅት እድሜ ልኳን ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ሳንቲም ስታጠራቅም ኖራ፣ ገንዘቡ ሳይሞላ ሞተች። ከሷ መንደር ማዶ ያሉት ሸክላ ሠሪዎች ደግሞ በየዓመቱ ተራራ ወጥተው ይችኑ ከተማ ይለምኑ ነበር። ሁለት ጎረቤት፣ በአንድ ቋንቋ፣ አንዲት ከተማን እየናፈቁ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠጋ ኖሩ። በኢየሩሳሌም ስላለው የዴር ሡልጣን ገዳም ይዞታ ከግብጾች ጋር ስለምንሟገተው የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። በገዛ ደጃችን ስለ ነበሩት የኢየሩሳሌም ናፋቂዎች ግን የትኛው መምህራችን አስተማረን?

ወደ ጎንደር ስመለስ ጉዞው አላበቃም። በከተማው ውስጥ የቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ አለ፤ እስራኤል ለመግባት ፈቃድ የሚጠብቁ ሰዎች የሚጸልዩበት። ቅድመ አያቶቻቸው በሚስዮን ስብከት፣ በችግር ወይም ከመገፋት ለመዳን ክርስትና የገቡ ናቸው፤ የእስራኤል መንግሥት አንድ ጊዜ ሺህ፣ አንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሺህ እየቆጠረ ሲወስዳቸው ቆይቷል፤ እናት ሄዳ ልጅ የቀረባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። በእስራኤል ውስጥ ስለነሱ የሚደረገው ክርክር መራራ ነው፤ ከቤተ እስራኤል መካከልም «ያን ጊዜ ትተውን ሄዱ» የሚል አለ። ኮረብታው ላይ አንዲት ሴት የእኅቷን ፎቶ ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆማ አይቻለሁ። እኅቷ እዚህ ግቢ ናት።

እዚህም ስግድ ይከበራል። ፊታቸው ወደ ሰሜን ነው፤ ለነዚህ ሰዎች ልመናው እንደ ድሮው ገና ልመና ነው። ጸሎቱ ግን በዕብራይስጥ ነው፤ ወጣቶቹ ተምረው ያደጉት በእሱ ነው፤ ግዕዝ የሚያነብላቸው ቄስ የለም። ኢየሩሳሌም ላይ በግዕዝ፣ ጎንደር ላይ በዕብራይስጥ ይሰገዳል። ዕብራይስጥ የሚያስተምረው ልጅ ኮረብታው ላይ በስልኬ የቀዳሁትን ሲሰማ ደጋግሞ አስከፈተኝ፤ ከዚያ ሄዶ አንዲት አሮጊት ይዞ መጣ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ዜማውስ ያምቦበር ነው» አሉ። «ግን ቸኩለዋል። እንዲህ አልነበረም የሚያነቡት፤ ማን አስቸኮላቸው?»

ስለ ሹማምንቱና ስለ መርሐ ግብሩ ነገርኳቸው። «እንግዲያው» አሉ ስልኩን ወደኔ እየመለሱ፣ «እኛ የሄድን ዕለት ጀምበር እስክትጠልቅ እናስነብባቸዋለን።»